መኪናው የተገለበጠው ቀን ነው፤ እኔ የምገለበጠው ሌሊት

የአንባቢዎች ጥያቄ፣ የሲስተር መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ተማክረው የመጡ ይመስላሉ። አንዱ ስለ አደጋ ነው፣ አንዱ ስለ ፈተና፣ አንዱ ስለ እናት። ሦስቱም ዞረው ዞረው «ሰው እንዴት ነው የሚረጋጋው?» ይሉኛል። ለማታውቁኝ፦ ጅማ ውስጥ 31 ዓመት በድንገተኛ ክፍል ነርስነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሐኪም አይደለሁም፣ ቄስም አይደለሁም። ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። አዘጋጁ «አታርዝሚው» ብሎኛል፤ እሞክራለሁ።

ጥያቄ፦ «ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። 46 ዓመቴ ነው። ጅማ መርካቶ አካባቢ ቡና እነግዳለሁ። ባለፈው ታኅሣሥ ቡና የጫነው አይሱዙዬ ጊቤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ተገለበጠ። ሾፌሩ እግሩ ተሰበረ። ረዳቱ እዚያው ሞተ። ገና 19 ዓመቱ ነበር። ከሰርቦ አምጥቼ ሥራ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ለእናቱ መርዶ ይዘው ከሄዱት ሽማግሌዎች ጋርም ነበርኩ። ያን ሰሞን ድንጋይ ሆንኩ። የትራፊኩን ጣጣ፣ አስከሬኑን፣ ቀብሩን፣ ሁሉንም አንድ እንባ ሳላወጣ ጨረስኩ። ሰዉ "ወንድ ማለት እሱ ነው" አለኝ። ይኸው አምስት ወር ሆነ። አሁን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ልቤ እየዘለለ እነቃለሁ። እጄን ይደነዝዘኛል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ልሞት ነው እላለሁ። መኪናው የተገለበጠው ቀን ነው፤ እኔ የምገለበጠው ሌሊት። ለባለቤቴም አልነገርኳትም። መረጋጋት ተፈጥሮ ነው ወይስ ይለመዳል? ያ የነበረኝስ የት ገባ?» ስሜ ይቅር፣ ከመርካቶ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በዕድሜ ታላቅህ ነኝና «አንተ» ልበልህ።

አስቀድሜ የነርስነቴን ልጨርስ። ተመርመር። ግፊትህን ተለካ፣ ስኳርህን ታይ፣ የልብ ኢሲጂ ተነሳ፤ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ዳገት ስትወጣ ደረትህን ጭምቅ የሚያደርግህ ከሆነ፣ ሕመሙ ወደ ክንድህ ወይም ወደ መንጋጋህ የሚሄድ ከሆነ፣ ቀዝቃዛ ላብ የሚያጠምቅህ ከሆነ፣ መጽሔቱን አስቀምጥና ዛሬውኑ ሂድ። ምርመራው ንጹሕ ከሆነ ግን ሌሊት የሚመጣብህ ፍርሃት ነው። ፍርሃት ስልህ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። እንዲህ ያለው ነገር ሽቅብ ይወጣል፣ ብዙ ጊዜ አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ይወርዳል። እጅህን የሚደነዝዝህ ቶሎ ቶሎ ስለምትተነፍስ ነው።

ስትነቃ ተኝተህ አትታገለው። ተነስተህ ተቀመጥ፣ እግርህን መሬት አስነካ። በአፍንጫህ 4 እየቆጠርክ አስገባ፣ 6 እየቆጠርክ አውጣ። ልብን የሚያበርደው አወጣጡ ሲረዝም ነው። አምስት ደቂቃ ያህል ቀጥል። ጅማ ተቀምጬ «ቡና ተው» ብልህ ሰፈሩ በድንጋይ ያባርረኛል፤ ግን ማታ 12 ሰዓት ላይ ከጠጣኸው ቡና ግማሽ ያህሉ ኃይል ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ገና ደምህ ውስጥ ነው። በረካውን ለሰው ተውለት። ከሰዓት በኋላ ጫት የምትቅም ከሆነ ደግሞ እሱም ልብህን ያስሮጠዋል፣ እንቅልፍህንም ይወስደዋል። አትቅምም ካልክ ይቅርታ።

አሁን ወደ ጥያቄህ።

አንድ የክረምት ሌሊት አውቶቡስ ተገልብጦ 17 ቁስለኛ አንዴ መጣብን። ሁለት ነርስና አንድ ሐኪም ነበርን። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው የምንነጋገረው እንኳን አይሰማም። መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ አስታማሚዎች ባትሪ እያበሩልን ሠራን። ያን ጊዜ ሥራ ከጀመርኩ ገና አራተኛ ዓመቴ ነው። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንዲት ታላቄ የሆነች ነርስ የነገረችኝ ነገር ትዝ አለኝ፤ «ጓንትሽን ቀስ ብለሽ አድርጊ» ብላኝ ነበር። አሥሩን ጣቴን አንድ በአንድ አስገባሁ። በሩ ላይ ሰው እየጮኸ ቆሜ ጓንት መልበስ! ሲያዩኝ ሳያብዱብኝ አልቀሩም። አሥረኛዋ ጣት ስትገባ ግን አንድ ነገር አወቅሁ፤ ቀጥሎ የማደርገውን። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም። ቀጥሎ ያለው ደግሞ ወደማይጮኸው መሄድ ነው። የሚጮህ ሰው ይተነፍሳል። ጥግ ላይ ዝም ብሎ የተኛው ነው የሚያስፈራው።

ከዚያ ወዲህ «ሲስተር ልቧ ብረት ነው» ይሉኝ ጀመር። ልቤማ እንደማንም ሰው ይዘል ነበር። የተረጋጋው እጄ ነው። እጅ ሥራ ከያዘ ልብ ያሻውን ያህል ይዝለል፣ ማን ያየዋል።

አንተም ያን ሰሞን ድንጋይ አልሆንክም፤ ሥራ ይዘህ ነበር። ትራፊክ ጋ ሂድ፣ አስከሬን አስጭን፣ ሽማግሌ ጥራ። አሁን ሥራው አለቀ። የያኔው ልብህ ደግሞ ተራውን እየጠየቀ ነው።

ያን ሌሊት እኔ ምን እንደሆንኩ ልንገርህ። ጠዋት 1 ሰዓት ተረኛ ተካኝ። ሻይ ይዤ መድኃኒት መጋዘን ገባሁና የግሉኮስ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። ያኔ መጣ። ጥርሴ ተንገጫገጨ። ሻዩ ግማሹ ጋውኔ ላይ ፈሰሰ። ከጥግ አንስተናት ያልተረፈችውን ሴት ጫማ ነበር የማየው፣ ቢጫ ኮንጎ ጫማ። አንዲት ጽዳት ሠራተኛ በሩን ከፍታ አየችኝ። ምንም አላለችም። በሩን መልሳ ዘጋችና ከውጭ ቆመች። ሃያ ደቂቃ ያህል አንድ ሰው አላስገባችም፤ «ወለሉ እርጥብ ነው» እያለች ስትመልሳቸው እሰማ ነበር። ወለሉ ደረቅ ነበር። የሷን ያህል ውለታ የዋለልኝ ሰው ትንሽ ነው።

አንተ ካርቶኑ ላይ አልተቀመጥክም። ልቅሶ ቤት ነበርክ፣ ግን እንደ ሐዘንተኛ አልነበርክም፤ ድንኳን አስተካዩ፣ ንፍሮ አስቀራቢው፣ ሽማግሌ ሸኚው ነበርክ። ለዚያ ልጅ አላለቀስክም። ሰርቦ ቅርብ ነው። ስኳርና ቡና ያዝና ወደ እናቱ ሂድ፣ ሽማግሌ ሳታስከትል። ቁጭ በልና ስለ ልጇ እንድታወራህ ተዋት። አንተም የምታውቀውን ንገራት፤ መኪና ላይ ምን እንደሚዘፍን፣ ምን እንደሚወድ። እንባ ከመጣ ይምጣ። ያ ቤት ለማልቀስ የተፈቀደ ቤት ነው።

«ሥራ ያስገባሁት እኔ ነኝ» ስላልከው ነገር ግን አላባብልህም። ልጅን ሥራ ማስገባት ወንጀል አይደለም። ፍሬኑስ? አባቴ የኤንትሬ ሾፌር ነበር፤ የጅማን መንገድ ዕድሜውን በሙሉ ተመላልሶበታል። «ሽቅብ በወጣህበት ማርሽ ቁልቁል ውረድ» ይል ነበር። ቁልቁለት ሙሉ ፍሬን የሚረገጥ መኪና ሸራው ይግላል፤ ሲግል አይዝም። አባቴ ጊቤ ሳይደርስ መኪናውን አቁሞ ጎማውን በመዳፉ የሚዳስስ ሰው ነበር። አንተ የፍሬኑ ሸራ እንዳለቀ ተነግሮህ «ከዚህ ምልልስ በኋላ» ብለህ ከነበረ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስህ ምናልባት እሱ ነው። ከሆነም ለምታምነው ሰው ተናገረው፣ ለእናቱ የሚገባውን አድርግ፣ ቀሪ መኪና ካለህ ነገ ጠዋት ጋራዥ አስገባው። እንዲህ ያለ ነገር ከሌለበት ደግሞ ያላጠፋኸውን አትሸከም። የትኛው እንደሆነ የምታውቀው አንተ ነህ፤ እኔ ከዚህ ሆኜ አላይህም።

ተፈጥሮ ነው ወይስ ይለመዳል ላልከው፣ ይለመዳል። ግን የተለመደበት ቦታ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። ልጄ የሁለት ዓመት ተኩል ሳለ በወባ ትኩሳት እቤት ውስጥ አንቀጠቀጠው። እኔ፣ የድንገተኛ ክፍል ነርስ፣ በባዶ እግሬ ጭቃው ላይ ሮጬ ወጣሁ። «ክብሪት! ክብሪት አምጡ!» እያልኩ እጮሃለሁ። በሥራዬ ላይ ስንቱን እናት «የክብሪት ጭስ ምንም አያደርግም» ብዬ ተቆጥቻለሁ መሰላችሁ! ሰፈሩ ሁሉ «አዴ» የሚላቸው ጎረቤታችን ነበሩ። ቡናቸውን እየቆሉ ነበር። ማንከሽከሻውን አስቀመጡ፣ እሳቱን ገለል አደረጉ፣ መጥተው ልጁን በጎኑ አጋደሙት፣ ሹራቡን አወለቁለት። ማንኪያ አፉ ውስጥ ልከት ስል እጄን በጥፊ መቱኝ። ሰባት ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው። ለሳቸው ቦታው የለመዱት ነው። ለእኔ ግን የሌላ ሰው ልጅ አልነበረም።

ለባለቤትህ ዛሬ ንገራት። ሌሊት አጠገብህ የምትተኛ ሴት አታውቅም ብለህ ነው? አንድ ወር ሞክረህ ካልተሻለህ የአእምሮ ጤና ክፍል ሂድ። «እብድ ይሉኛል» አትበል። የሚሉህ ሰዎች ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተኝተዋል።

ጥያቄ፦ «ሲስተር፣ የጤና ተማሪ ነኝ። የተግባር ፈተና ላይ ፈታኙ ሲያየኝ የማውቀው ሁሉ ብን ይልብኛል። ጓደኞቼ ስቶይኮች ስለሚባሉት የጥንት የግሪክና የሮም ፈላስፎች ቪዲዮ ይልኩልኛል። "ምንም አይሰማህ" ነው የሚሉት። ሞከርኩ፣ አልቻልኩም።» ከግቢ።

መልስ፦ ልጄ፣ እነዚያን ቪዲዮዎች የእህቴ ልጅ አሳይቶኛል። ጡንቻው የተወጠረ ሐውልት፣ ከበሮ፣ ከዚያ አንድ ወፍራም ድምፅ ይቆጣሃል። ሐውልቱ ማርከስ ኦሬሊየስ ነው አለኝ። እ.ኤ.አ. ከ161 እስከ 180 ሮምን የገዛ ንጉሠ ነገሥት ነው፤ ከስቶይኮቹ አንዱ። በዘመኑ ወረርሽኝ ነበር፣ ጦርነት ነበር። ከአሥር በላይ ልጆች ወልዶ አብዛኞቹን ራሱ ቀብሯል። ምክሩን ለሕዝብ አልጻፈውም፤ ማስታወሻው ላይ ለራሱ ነው የጻፈው፣ ያውም ያንኑ ነገር መልሶ መላልሶ። ምንም የማይሰማው ሰው «ተረጋጋ» ብሎ ለራሱ መቶ ጊዜ ይጽፋል? ሲሰማው ነው እንጂ።

ስለዚህ እሱን ተወው። የተግባር ፈተና በምን ይጀምራል? እጅህን ትታጠባለህ፣ ስምህን ትናገራለህ፣ በሽተኛውን ታስፈቅዳለህ። እነዚህን ሦስቱን ጓደኛህን በርጩማ ላይ አስቀምጠህ ጮክ ብለህ ሃያ ጊዜ ተለማመዳቸው። በሐሳብህ አይደለም፣ በአፍህና በእጅህ። ጓደኛህ ፊቱን ያኮሳትርብህ። ፈተናው ቀን እጅህን ስትታጠብ አትቸኩል፤ ጣቶችህ መሃል ድረስ እሸው። አራተኛው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይመጣል። ካልመጣም «ይቅርታ፣ አንዴ ላስብ» በል። እኔ ከአሥር ዓመት ልምድ በኋላም እል ነበር።

ጥያቄ፦ «ሲስተር፣ እናቴ 68 ዓመቷ ነው። የጉበት ካንሰር መሆኑን ሐኪሙ ለእኔና ለወንድሞቼ ነገረን። የቀራት ወራት ነው አለን። ወንድሞቼ "በድንጋጤ ትሞትብናለች፣ እንዳትነግሪያት" ብለው አስማሉኝ። እሷ ግን በየቀኑ "ዶክተሩ ምን አለ?" ትለኛለች። "ጨጓራ ነው" እላታለሁ። ውሸቱ እያነቀኝ ነው።» ከቢሺሼ።

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድሞችሽ ክፉ አይደሉም። የሚያውቁትን ነው ያደረጉት። እኛ መርዶ እንኳን ስንናገር ሥርዓት አለን። በስልክ አይነገርም፤ በስልክ የሚባለው «ትንሽ አሟቸዋል፣ ና» ነው። ማልደን፣ ጎረቤት ሰብስበን፣ ሰውየውን ከነቤተሰቡ ቤቱ አግኝተን፣ አስቀምጠን ነው የምንነግረው። ነርስ ሆኜ ሳየው በጣም ብልህ ሥርዓት ነው። ሰውየው ቢወድቅ የሚይዘው አለ። ቀኑ ገና ነው፣ ብቻውን አያድርም። አሁን ፌስቡክ ቀድሞ ፎቶና ሻማ እየለጠፈ ብዙ ሰው ታክሲ ውስጥ መርዶውን ይረዳል። ይኼ ነገር ያናድደኛል፣ ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ።

ግን ልብ በይ። መርዶ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። እናንተ ያዘገያችሁት ነገር ቀጠሮ የለውም።

«በድንጋጤ ትሞታለች» ለሚለው፣ በ31 ዓመት ውስጥ እውነት ተነግሮት በዚያ የሞተ በሽተኛ አላየሁም። ማልቀስ አይቻለሁ፣ ፊት ወደ ግድግዳ ማዞር አይቻለሁ፣ ሁለት ቀን እህል አልበላም ማለት አይቻለሁ። በሦስተኛው ቀን ብዙዎቹ «እገሌን ጥሩልኝ» ይላሉ።

መሐላሽን ሳታፈርሺ መጀመር ትችያለሽ። አትንገሪያት፤ ጠይቂያት። ወንድሞችሽ በሌሉበት ሳይሆን ቢያንስ አንዱ ባለበት፣ ሕመሙ በበረደላት ሰዓት፣ ቁጭ ብለሽ «እማዬ፣ ስለ ሕመምሽ ማወቅ ትፈልጊያለሽ ወይስ ለእኛ ትተዪዋለሽ?» በያት። «ለናንተ ነግረዋል፣ በቃኝ» ካለች እሱ መልሷ ነው፤ አክብሪው። «ንገሪኝ» ካለች ደግሞ ከወንድምሽ መሐላ የሷ ቃል ይበልጣል። በአንድ ጊዜ አታውርጂው። «ጉበትሽ ላይ ነው። የሚያድን መድኃኒት የለውም ብለውናል። ሕመሙን ግን እናስታግሳለን፣ አንለይሽም» ይበቃል። ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ይከብድሻል፤ ወሬ አትሙይበት። ስለ ሕመም ማስታገሻው ሐኪሙን ደፍራችሁ ጠይቁ፤ «ሞርፊን ያስፈልጋታል ወይ?» በሉት። ሕመምን መቻል ጽድቅ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ የሚችሉት እነሱ አይደሉም።

ይህን ሁሉ የምልሽ እኔ የራሴን እናት «ጨጓራ ነው» ብዬ የሸኘሁ ሰው ስለሆንኩ ነው። አዎ፣ ያችኑ ቃል። ለሌላ ሰው እናት ስንት ጊዜ በሥርዓት የነገርኩ ነርስ፣ የራሴ ስትሆን አፌ ተያዘ። አራት ወር ሙሉ እሷ «ምን አለ?» ትላለች፣ እኔ «ጨጓራ» እላለሁ፣ እሷ «እንግዲህ ወተት ልጠጣ» ትላለች። አንድ ቀን ረከቦቷን አዴ ቤት አየሁት። «አውሺኝ ብያት ነው» አሉኝ አዴ፣ ዓይኔን ሳያዩ። አመንኳቸው፤ ወይም ማመን ፈለግሁ። የነጠላዋን ጥለት ለእህቴ ስታሳያት፣ «ይኼን አንቺ ነሽ የምትወጂው» ስትላት ሰምቻለሁ። ወደ ወጥ ቤት ሄድኩ።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ፍራሿን ሳነሳ አንድ ላስቲክ አገኘሁ። ውስጡ የእድር ደረሰኝ ነበር። መዋጮዋን የስድስት ወር አስቀድማ ከፍላለች። የከፈለችበት ቀን ሲታይ ከሐኪሙ ጋ በተመለስን በሳምንቱ ነው። በየትኛው እግሯ ሄዳ እንደከፈለች እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ባጃጅ ይዛ። ምናልባት አዴ ደግፈዋት።

በዚህ ሳምንት ጠይቂያት እህቴ። መልሷን ጻፊልኝ፤ ካልፈለግሽ አትጻፊልኝ።

ስለ ደም ግፊት መድኃኒትና ስለ ጾም የጠየቃችሁኝ ሦስት ሰዎች፣ መልሳችሁ በሚቀጥለው እትም ይወጣል። እስከዚያ መድኃኒቱን እንዳታቋርጡ።